በሌላ ሳጥን አልከፈት ያለ ሳቅ

በአሌክሳንድርያ፣ በአንፉሺ የዓሣ ገበያ፣ ኢንሳፍን የማያውቅ ነጋዴ አልነበረም። ከሩቅ ሲያዩዋት፣ "መርማሪዋ መጣች፣ ዓሣህን አስተካክል" ይባባላሉ። የዓሣውን የመተንፈሻ ክዳን በጣቷ ገልጣ ውስጡ ቀይ መሆኑን ሳታይ፣ ዓይኑን ሳትጫን፣ ሆዱን ሳታሸት ቦርሳዋ አይከፈትም።

"ኡም ራውያ፣ ዛሬ ጧት እኮ ነው ከባሕር የወጣው" ይላታል አንዱ።

"እሱ ራሱ ይንገረኝ። አንተን አልጠየቅሁም።"

ኡም ራውያ የሚሏት በአንድ ልጇ ስም ነው፤ የራውያ እናት እንደ ማለት። ይህችን ልጅ ያሳደገቻት በአንድ ትንሽ ዓሣ ቤት ውስጥ ዓሣ እየጠረገችና እየጠበሰች ነው። አሁን ራውያ ከከተማው ውጭ ባለ የልብስ ፋብሪካ ትሠራለች፤ ታጭታለች፤ ከዒድ በኋላም ትዳራለች።

"ያልጠረጠረ ተመነጠረ" የሚለውን ተረት ሌላው ሰው በአፉ ይለዋል፣ ኢንሳፍ ግን ትኖረዋለች። ባለ ሚዛኑ ሲመዝን ጣቱን ታያለች። ወተት ሻጩ ፊት ወተቱን በጥፍሯ ላይ ታንጠባጥባለች። ሐኪም መድኃኒት ሲያዝላት፣ "አንተ ብትታመም ይህንኑ ነው የምትውጠው?" ብላ ትጠይቃለች።

እንዲህ ሆና አልተወለደችም። ባሏ ፈርጋሊ ጀልባ ጠጋኝ ነበር፤ በዓሣ ወቅት ደግሞ ከጓደኛው ከድሱቂ ጋር ባሕር ይወጣ ነበር። አንድ የክረምት ጧት ባሕሩ እንደ ዘይት ረግቶ ነበር። ፈርጋሊ እየቀለደ ወጣ፣ ድሱቂ ግን ትኩሳት ይዞኛል ብሎ ቀረ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። ከሰነባበተ በኋላ የጀልባዋ ሳንቃ ወደ ዳር ተተፋ፤ ሰው ግን አልመጣም። ኢንሳፍ ያን ጊዜ ራውያን አርግዛ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አንድ ጥያቄ ከሆዷ አልወጣም። ባሕሩን እንደ መዳፉ የሚያውቀው ድሱቂ፣ በዚያ ቀን፣ ለምን ቀረ? ጠይቃው አታውቅም። መልሱን አላምነውም ብላ ስለፈራች ይሁን አምነዋለሁ ብላ ስለፈራች፣ ራሷም አለየችውም። ሰላምታ ግን ከምላሷ ጫፍ አላለፈም።

ነገሩ የከፋው ድሱቂ ባሕር ትቶ የሰፈሩ ባለ ሽቦ በመሆኑ ነው። ኢንሳፍ በምትኖርበት ሕንፃ ጣሪያ ላይ ዲሾች ተክሎ፣ ከጣሪያው ክፍል ወደየቤቱ ሽቦ ዘርግቶ፣ ሰፈሩ የሚያየውን ቴሌቪዥን የሚለቀው እሱ ነው። ኳስ ሲል ኳስ፣ ድራማ ሲል ድራማ። ኢንሳፍም በእሱ ሽቦ ነበር የምታየው፤ ክፍያውን በራውያ እጅ እየላከች።

ከረመዳን በፊት ነው ወሬውን የሰማችው። የራሱ ዲሽ ባለው በዓሣ ቤቱ ቴሌቪዥን ላይ የድሮ ድራማዎች የሚያሳይ አንድ ቻናል ማስታወቂያ አስነገረ፤ በአንፉሺ ዓሣ አጥማጆች ላይ የተሠራው ያ የድሮ ተከታታይ ድራማ በጾሙ ወር በየምሽቱ፣ ልክ ማፍጠሪያው ላይ ይታያል። ኢንሳፍ በእጇ የያዘችውን ዓሣ ረሳችውና ዘይቱ ጨሰ።

ያ ድራማ የተቀረጸው በእነሱ መንገድ ላይ ነበር። ኢንሳፍ ያኔ አዲስ ሙሽራ ነበረች፤ በመስኮት ብቅ ብላ ታይ ነበር። የካሜራ ሰዎቹ ፈርጋሊን አስቁመው፣ ምሰሶ ተሸክሞ እንዲያልፍ አደረጉት። ሲያልፍ ሳቀ። ለእሷ ነበር የሳቀው። ድራማው በቴሌቪዥን ሲታይ ግን ፈርጋሊ ሞቶ፣ አማቷ የሐዘን ቤት ነው ብለው ቴሌቪዥኑን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረውት ነበር። ሰፈሩ ሁሉ አየው፤ እሷ አላየችውም።

ከፈርጋሊ የቀራት የመታወቂያ ፎቶ ብቻ ነው፤ በዚያ ላይ ደግሞ ፊቱ ሊከሱት እንደመጡበት ሰው ተኮሳትሯል። ራውያ አባቷን የምታውቀው በዚያ ኩስተራ ነው።

"አባቷን ሲስቅ ሳታይ ከቤቴ አትወጣም" አለች ኢንሳፍ ለራሷ።

ችግሩ ሁለት ነበር። ያ ቻናል በድሱቂ ሽቦ አይመጣም፤ ልቀቅልኝ ብላ ከምትለምነው ምላሷ ቢቆረጥ ትመርጣለች። ሁለተኛው፣ ራውያ በማፍጠሪያ ሰዓት ቤት አትሆንም። የፋብሪካው አውቶቡስ ፀሐይ ስትጠልቅ ገና መንገድ ላይ ነው፤ የመንገድ ዳር ወጣቶች በመስኮት በሚያቀብሏቸው ተምርና ጭማቂ ነው የሚያፈጥሩት። ድራማው በየትኛው ክፍል ላይ ፈርጋሊን እንደሚያሳይ ደግሞ ኢንሳፍ አታውቅም። ስለዚህ የራሷ ዲሽ፣ የራሷም ሪሲቨር ያስፈልጋታል፤ ያውም የሚቀዳ።

የሪሲቨር ሱቅ ያለው ሚላድ በዝግታ የሚናገር፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን የሚፈልግ፣ ትልልቅ ሴቶችን በአክብሮት "ሐጃ" የሚል ሰው ነው። ሁለት ሳጥን አወጣላት። አንዱ ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ፣ ፊቱ ላይ ሰማያዊ ሰዓት የሚበራ። ሌላው ግራጫ፣ የሳሙና ማስቀመጫ የመሰለ።

"ይቀዳል?"

"ሁለቱም ይቀዳሉ ሐጃ። ፍላሽ ይሰኩበታል፤ ቀዩን ቁልፍ ይጫናሉ።"

"አሁን ቅዳ።"

ሚላድ ዜና የሚያነብ ሰውዬ ቀዳላት።

"አጥፋው። ከሶኬቱ ንቀለው። አሁን መልሰህ ሰካና አሳየኝ።"

ያው ሰውዬ፣ በዚያው ክራቫት፣ ያችኑ ዜና አነበበ። ኢንሳፍ ወደ ስክሪኑ ተጠግታ ክራቫቱን መረመረች።

"ነገ ጧትስ ይኖራል?"

"ዓሣ አይደለም ሐጃ፣ አይሸትም።"

"የማይሸት ነገር ነው እኔን የሚያስፈራኝ።"

ሚላድ ግራጫውን ወደ እሷ ገፋ አደረገው። "እኔን ከጠየቁኝ ይሄን ይውሰዱ። ርካሽ ነው፤ የቀዳውን ደግሞ ሌላ ሳጥንም ይከፍተዋል። ጥቁሩ የቀዳውን ይቆልፋል። ከራሱ በቀር ማንም አይከፍተውም።"

ኢንሳፍ ቅንድቧ ተነሳ። ነጋዴ ውዱን ሲገፋ ታውቃለች፤ ርካሹን የሚገፋ ግን አይታ አታውቅም።

"አልሸጥ ብሎህ ነው?"

"ሐጃ፣ ውዱን ብገፋብዎት ሌባ ይሉኛል። ርካሹን ብገፋብዎት ሌባ ይሉኛል። ታዲያ ምን ልግፋ?"

"ምንም አትግፋ። ዝም በልና ልምረጥ።"

ግራጫውን አገላበጠችው፤ ቀለለባት። ጥቁሩን አነሳችው፤ ከበዳት። ሥጋ ያለው ነገር ይከብዳል። ደግሞ ይቆልፋል አለ፤ እሷስ የምትፈልገው የሚቆልፍ አይደለም እንዴ? የፈርጋሊን ሳቅ ማንም እንዲከፍትባት አትፈልግም። በተለይ ድሱቂ።

ጥቁሩን ወሰደች። ሚላድ መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ አያትና ገንዘቡን ቆጠረ። ይህም አላማራትም።

የሚላድ ሠራተኛ ዲሹን ከድሱቂ ዲሾች ጎን ተከለላት፤ ሳጥኑም ድራማው በሚጀምርበት ሰዓት ራሱን አስነስቶ እንዲቀዳ አድርጎላት ሄደ። ኢንሳፍ የድሱቂን ሽቦ ከቴሌቪዥኗ ነቅላ በመስኮት ወደ ውጭ ወረወረችው። ሽቦው ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

የረመዳን የመጀመሪያ ምሽት ራውያ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ "እናቴ፣ ክፈቺው" አለች። ተቃቅፈው ቁጭ አሉ። ሳጥኑ ተከፈተ። አንድ ወፍራም ወጥ ሠሪ እርግብ ውስጥ ሩዝ እየጠቀጠቀ ነበር። ጠበቁ። ሰውዬው ሌላ እርግብ አነሳ።

"ይሄ ነው አባቴ?" አለች ራውያ።

"አፍሽን ያዢ።"

"አይ፣ ሙያ ያለው ሰው ነው፤ አላፈርኩበትም።"

በማግስቱ ኢንሳፍ ሳጥኑን በሻሽ ጠቅልላ ሚላድ ፊት ዘረገፈችው። "ያልኩህን ትቶ ወጥ ቤት ገባ።"

ሚላድ ነካክቶ ሰዓቱን አየና ሳቁን ዋጠ። መንግሥት ለጾሙ ብሎ ሰዓቱን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ መልሶ ነበር፣ ሕዝቡ ቶሎ እንዲያፈጥር። ሠራተኛው ሳጥኑን የሞላው ከዚያ በፊት ነው።

"ሳጥኑ አልሰማም ሐጃ። ገና በድሮው የበጋ ሰዓት ነው ያለው።"

"እኔ ሰምቻለሁ። ዳቦ ጋጋሪው ሰምቷል። የማፍጠሪያውን መድፍ ተኳሹ ሰምቷል። እሱ ለምን አይሰማም?"

"እሱ አይጾምማ።"

ከዚያ ወዲያ ሳጥኑን በራሱ አላስነሳችውም። እባብ ያየ በልጥ በረየ። በጾም ወር ዓሣ ውሃ ያስጠማል ተብሎ ዓሣ ቤቱ ጭር ስለሚል፣ ቀደም ብላ ቤት ትገባለች። የምስሩን ሾርባ አቅርባ፣ ቴሌቪዥኑ ፊት ትቀመጥና፣ በግራ እጇ ተምር፣ በቀኝ እጇ ሪሞት ትይዛለች። መድፉ ሲተኮስ መጀመሪያ ቀዩን ቁልፍ፣ ከዚያ ተምሩን።

እሷ በቀጥታ ስታይ አላፊ አግዳሚውን ትመረምራለች። ራውያ ስትመጣ ደግሞ እንደገና ያዩታል።

"ይሄ ነው?"

"አይደለም። አባትሽ እንዲህ አይራመድም።"

"እንዴት ነው የሚራመደው?"

ኢንሳፍ ሪሞቱን አስቀመጠችው። እንዴት ነበር የሚራመደው? ትከሻውን ያወዛውዝ ነበር፣ ወይስ እሱ ወንድሟ ነበር? ክፍሎቹ እያለፉ ሲሄዱ ደግሞ ሌላ ጥርጣሬ መጣ። ቻናሉ ለማስታወቂያ ቦታ ብሎ ቆርጦት ቢሆንስ? በመጀመሪያው ቀን፣ እርግብ ሲጠቀጠቅ፣ አልፎ ቢሆንስ?

ወሩ ሊጋመስ ሲል ነው የሆነው። መድፉ ተተኮሰ፣ ቀዩን ተጫነች፣ ተምሩን ልትጎርስ አነሳች። በስክሪኑ ላይ የራሳቸው መንገድ፣ የራሳቸው ግድግዳ፣ ያኔ ገና ኖራው ያልተላጠ። ከጥጉ ሁለት ሰዎች ረጅም የሸራ ምሰሶ በትከሻ ተሸክመው ብቅ አሉ። የፊተኛው ፈርጋሊ ነበር።

ዓይኗ ከእሱ ሌላ ምንም አላየም። እርምጃው! የእግሩን ጣቶች መሬት እንደሚጎረብጠው ሰው ሰብሰብ አድርጎ ነበር የሚራመደው። እንዴት ረሳችው? ከዚያ አንገቱን ወደ ግራ ትከሻው ሰበር አድርጎ ሳቀ፣ ጥርሱ ሁሉ እስኪታይ። አንድ ተዋናይ መጥቶ ሸፈነው፤ አለቀ።

ተምሩ ከእጇ ወድቋል። መልሳ ልታየው ፈለገች፤ ግን መቅዳቱ እንዳይበላሽ ፈራች። ክፍሉ ሲያልቅ መቅጃውን አቆመችው። ይቆይ፣ ከራውያ ጋር አየዋለሁ አለች። እጇን ሳጥኑ ላይ አድርጋ፣ እንደ ልጅ ግንባር፣ ሙቀቱን እየዳሰሰች ጠበቀቻት።

መብራት ሄደ። የዚያ በጋ ልማዱ ነው፤ ሰፈሩ፣ "ደግሞ ሄደ" ብሎ አጉረመረመ። ኢንሳፍ ሻማ አልፈለገችም። ብዙም ሳይቆይ መብራቱ ተመለሰ፣ ግን እንደ ተቆጣ ሰው ነበር አመጣጡ። አምፖሉ ፀሐይ አክሎ በራ፤ ከሳጥኑ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለ፤ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ። ሰማያዊው ሰዓት ጠፋ።

ራውያ ስትገባ እናቷን ፍላሹን በሁለት እጇ ጨብጣ አገኘቻት።

"አየሁት" አለች ኢንሳፍ። "አየሁት፣ እዚህ ውስጥ ነው።"

በማግስቱ ጧት ወደ ሚላድ ስትሄድ በዳቦ ሰልፉ አጠገብ አለፈች። ሴቶቹ ያወሩ ነበር፤ ሲያዩዋት ዝም አሉ። አንዷ ፈገግ ልትል ሞክራ ወደ መሬት አየች። ሌላዋ ሻሿን ወደ አፏ ሳበች። ኢንሳፍ ጀርባዋ ላይ ዓይናቸው ሲከተላት ተሰማት። ሳጥኗ መቃጠሉን ማን ነገራቸው? ራውያ አትናገርም። መስኮቷ ዝግ ነበር። አንድ የሚያውቅ ሰው አለ ማለት ነው። የሚያውቅ ሰው ደግሞ ያደረገው ሰው ነው።

ሚላድ ፍላሹን ግራጫው ሳጥን ላይ ሰካው፣ ሌላም ሳጥን ላይ ሰካው፣ ራሱን ነቀነቀ።

"አለ፤ ግን አይከፈትም። ቁልፉ የተቃጠለው ሳጥን ሆድ ውስጥ ነው።"

"ሌላ ጥቁር ስጠኝ።"

"ወንድሙም አይከፍተውም ሐጃ። እያንዳንዱ የየራሱ ቁልፍ ነው ያለው። ነግሬዎት ነበር።"

"ነግረኸኝ ነበር። ስለነገርከኝ ነው ያላመንኩህ።"

"እንግዲያው ለወደፊቱ እዋሽዎታለሁ።" ወዲያው ቀልዱ አላማረውም፤ ወንበር ሳበላት። "ምን ነበር የቀዱት?"

አልመለሰችለትም። ፍላሹን ወደ ደረቷ ስትከት ሚላድ ዕቃውን እየመለሰ፣ "ግራጫውን ከናንተ ሰፈርም የወሰደ ሰው አለ፤ ተመስገን ነው የሚለው" አለ። ማን እንደሆነ ልትጠይቅ አሰበችና ተወችው። ወደ ሌላ ሰው ነበር የምትሄደው።

ወደ ድሱቂ ክፍል የሚያወጣውን ደረጃ ወጥታ አታውቅም። ጣሪያው ላይ ስትደርስ መጀመሪያ ዲሿን አየች። የእሱ ሽቦ በዲሿ እግር ሥር ያልፋል። በቃ፣ ይኸው። የክፍሉን በር ሳታንኳኳ ገፋችው። ድሱቂ አንድ እግሩን በርጩማ ላይ ሰቅሎ ጉልበቱን እያሸ፣ በተደረደሩ ሪሲቨሮች መካከል ተቀምጧል። ሲያያት እግሩን አወረደ።

"ኡም ራውያ? ግቢ፣ ቁጭ በይ።"

"አልቀመጥም። ምን አደረግህብኝ?"

"ደግሞ ምን አደረግሁ?"

"መብራቱ የሄደው ከሁሉ ቤት ነው። የተቃጠለው የእኔ ብቻ ነው። ሽቦህ በዲሼ ሥር ያልፋል።"

"የዳቦ ቤቱም ማቀዝቀዣ ተቃጥሏል። እሱንም እኔ ነኝ?"

"ስለ ዳቦ ቤቱ አልጠየቅሁህም። ያንተስ ለምን አልተቃጠሉም?"

"ይሄው፣ ይሄ ብረት ኃይሉን ያበርድላቸዋል።" በእግሩ ነካው። "አንቺ ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር። ግን አንቺ መቼ ትጠይቂና፤ ፈርደሽ ነው የምትመጪው።"

ኢንሳፍ መልስ ልትሰጥ ስትል ከታችኛው መደርደሪያ ላይ ዓይኗ ቆመ። ግራጫ፣ የሳሙና ማስቀመጫ የመሰለ ሳጥን። ፍላሽ ተሰክቶበታል።

"ይሄ ምን ይሠራል?"

"ይቀዳል።"

"ምኑን?"

ድሱቂ ጢሙን አሻሸ። "መብራት በሄደ ቁጥር ሰፈሩ መብራት ኃይል እኔ የሆንኩ ይመስል ይጮህብኛል። ስለዚህ እቀዳለሁ፤ ከተራዊህ ሶላት በኋላ መልሼ እለቅላቸዋለሁ።" ወደ ሳጥኑ አየ። "ያን ድራማም እቀዳዋለሁ። ሙዚቃውን በመስኮትሽ ሰማሁት፣ በሁለተኛው ቀን። ሽቦዬን ነቅለሽ ጣልሽ እንጂ መስኮትሽን አልዘጋሽም። ምን እንደምትፈልጊ ገባኝ።"

"ትናንትናም ለቀቅኸው?"

"ለቀቅሁት።"

"ሰፈሩ አየው?"

"አየው። አልቅሰዋል።"

የዳቦ ሰልፉ ዝምታ አሁን ነው የገባት። ሲስቁባት አልነበረም። የሞተ ባሏን ሳቅ አይተው እንዴት እንደሚያናግሯት ጠፍቷቸው ነው።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ለአንቺ? 'እንደምን አደርሽ' ስልሽ ከሥሩ ምን አለ ብለሽ ለምትገለብጪ ሴት?"

አልቀመጥም ያለችው ኢንሳፍ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ድሱቂ ሳይጠየቅ ሳጥኑን አስነሳው። ያው መንገድ፣ ያው ኖራ። ምሰሶው ከጥጉ ብቅ አለ። አሁን ፈርጋሊን ልታይ አልተስገበገበችም፤ የት እንደሚመጣ ታውቃለች። ስለዚህ ዓይኗ ምሰሶውን ተከትሎ እስከ ኋላው ጫፍ ሄደ። የኋለኛውን ጫፍ የተሸከመው ቀጭን፣ ጸጉሩ የጎፈረ፣ ሃያ ዓመት ያልሞላው የሚመስል ድሱቂ ነበር። ፈርጋሊ አንገቱን የሰበረው ወደ እሱ ነው። የሳቀው ለእሱ ነው። ወደ መስኮቱ አልነበረም።

ይህን ሁሉ ዘመን ለእኔ ነው ስትል ኖራለች።

"ምን ብለኸው ነው እንዲህ የሳቀው?" ድምፅዋ ቀጠነ።

"'ሚስትህ በመስኮት እያየችህ ነው፤ እንደ አህያ አትጉበጥ' አልኩት።"

ሁለቱም ስክሪኑን አዩ። ተዋናዩ መጥቶ ፈርጋሊን ሸፈነው። ድሱቂ ምስሉን ወደ ኋላ መለሰው፤ ፈርጋሊ እንደገና ሳቀ። ከሽቦዎቹ ሁሉ ሥር የኖረው ጥያቄ ያኔ ራሱ ወጣ።

"ያን ጧት ለምን ቀረህ?"

ድሱቂ ሪሞቱን ጉልበቱ ላይ አኖረ። "ጥርሴን አሞኝ ነበር።"

"ትኩሳት ነው ብለህ ነበር።"

"ትኩሳት ያልኩት አፍሬ ነው። ጥርስ ላስነቅል ነው የሄድኩት። ተመልሼ ስመጣ ሰው ሁሉ ባሕር ዳር ቆሟል፤ እኔ አፌ ውስጥ ጥጥ ጎርሻለሁ። ሰው በጥርስ ሕመም ከሞት ይቀራል ብዬ አንቺን በምን አፌ ልንገርሽ?"

ኢንሳፍ ተነስታ አጠገቡ ቆመች።

"ክፈት።"

"ምኑን?"

"አፍህን።"

ድሱቂ ሊስቅ ፈለገ፤ ፊቷን ሲያይ ተወውና አፉን ከፈተ። ኢንሳፍ አገጩን በሁለት ጣቷ ይዛ ወደ ስክሪኑ ብርሃን አዞረችው፤ ዓሣ እንደምታየው አየችው። ከታች በስተኋላ ክፍት ቦታ አለ፤ ድዱ ገጥሞ ለስልሷል። የጎደለ ጥርስ መቼ እንደወጣ አይናገርም። ይህን ከኢንሳፍ በላይ የሚያውቅ የለም፤ በዚያ ዕድሜ ጥርሱ ያልጎደለ ሰው የትም አይገኝም። እሷም ራሷ ሁለት የላትም።

"ዝጋ" አለችው በቀስታ።

ዘጋ።

"የልብስ ፋብሪካው አውቶቡስ ሲመጣ ልጄ ትገባለች። አላየችውም።"

"አንቺ ሽቦውን መልሰሽ ሰኪ" አለ ድሱቂ። "የቀረውን ለእኔ ተዪው።"

ያን ዕለት ከማፍጠሪያ በኋላ ኢንሳፍ በመስኮት ተንጠልጥላ የወረወረችውን ሽቦ ጎትታ አስገባች፣ ጫፉን በሻሿ ጠረገች፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካችው። ራውያ ገብታ ቦርሳዋን እንኳ አላስቀመጠችም፤ እናቷ ትከሻዋን ይዛ አስቀመጠቻት። ከዚያ መስኮቱን ከፍታ ወደ ጣሪያው ጮኸች።

"ድሱቂ፣ ልቀቀው።"

በየቤቱ ሁሉ ሰው የሚያየው አዲስ ድራማ ቀጥ አለ። ሰፈሩ ወዲያው ተነሳ።

"አለቃ ድሱቂ፣ ምን ነካህ? ድራማው ላይ ልጅቷን ሊገድላት ነበር እኮ።"

"ሰውዬው አረጀ፣ ቁልፍ ተምታታበት።"

ሙዚቃው ከየመስኮቱ ሲወጣ አንድ በአንድ ዝም አሉ። መንገዱ መጣ። ምሰሶው መጣ። ራውያ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች፤ ማንም ይሄ ነው ሳይላት አወቀችው። ፈርጋሊ አንገቱን ወደ ግራ ሰበረ።

"እናቴ" አለች ራውያ። "እኔ ነኝ እኮ።"

እውነቷን ነው። ይህች ልጅ ሰምታ የማታውቀውን ሳቅ፣ አይታ የማታውቀውን የአንገት አሰባበር፣ ዕድሜ ልኳን ስትስቀው ኖራለች። ኢንሳፍ በየቀኑ አጠገቧ ቁጭ ብላ ሳታየው ቀርታለች። ራውያ እያለቀሰች ሳቀች፤ አንገቷ ወደ ግራ ትከሻዋ ሄደ።

ኢንሳፍ ዓይኗን በሻሿ ጠርጋ ወደ መስኮቱ ተመለሰች። ጣሪያው ላይ የድሱቂ ጥላ አጥሩን ተደግፎ ይታያል።

"እንደገና ልቀቀው" አለችው። "ነገ ደግሞ በሁለት ፍላሽ ገልብጠህ ትሰጠኛለህ። ሚላድ ጋ ወስጄ በሌላ ሳጥን ሲከፈት በዓይኔ ሳላይ አላምንህም።"

"ማን እመኚኝ አለሽ?" አለ ድሱቂ ከላይ፤ ሙዚቃውም እንደገና ጀመረ።